አራት ጥንድ የጎን ብረት

ቴዎፍሎስ የሰው ፊት አይቶ ልቡን ያውቃል። ይህን የሚለው ራሱ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር መውጫ አጠገብ ባለችው የብየዳ ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ፣ ማን በር አሠርቶ እንደሚጨቃጨቅ፣ ማን አዝዞ እንደሚቀር ገና ከአገባቡ እለየዋለሁ ይላል። ሚስቱ የሺ ግን «እሱ መጀመሪያ ይፈርዳል፣ ከዚያ ምክንያት ይፈልጋል» ትላለች። እሷን ማን ይሰማታል!

በዚያ ሰሞን ግድግዳው ላይ አራት ጥንድ የመኪና የጎን መከላከያ ብረት ተሰቅሎ ነበር። ወፍራም ቱቦ ነው፤ ላዩ ላይ ለእግር መርገጫ የሚሆን ጠፍጣፋ ላሜራ አለው። የአንኮበርን ቁልቁለት በላንድክሩዘር ለሚመላለስ ሰው እንዲህ ያለው ብረት ግድ ነው። ድንጋዩ የመኪናውን ጎን አይምርም፤ ሽማግሌና አሮጊትም ያለ መርገጫ መሳፈር አይሆንላቸውም። ቴዎፍሎስ መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ በመጣ ማግስት፣ እንደገና ሳይጠፋ ልቅደም ብሎ ባንድ ቀን አምስት ጥንድ ጨርሶ ነበር። ይህን ጀግንነቱን ያልነገረው ጎረቤት የለም። አንዱን ጥንድ እሱ ሰላ ድንጋይ ለሥራ በሄደበት የሺ ሸጠችለት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ላንድክሩዘር መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። ጎኑ ባዶ ነው፤ ብረት የለውም። የግራው በር ከሥሩ ተጫጭሯል፤ ጫፉ ላይም ቡናማ ነገር ደርቆበታል። ቴዎፍሎስ ይህን አየና መኪናውን ትቶ የሰውየውን ፊት ማንበብ ጀመረ።

ሰውየው ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ነው። ሠረቀብርሃን እባላለሁ፣ ከጎረቤላ ነው የመጣሁት አለ። ይህን ሲል መሬት መሬቱን ያያል።

ቴዎፍሎስ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ሻይ ቤት አንድ ወሬ ሰምቷል። በአንኮበር መንገድ አንዲት እናት በመኪና አደጋ ተጎድተው ሆስፒታል ገብተዋል። ሾፌሩ አመለጠ ያለ ሰው አልነበረም። ያንን የጨመረው ቴዎፍሎስ ነው።

«ለጎን የሚሆን ብረት ፈልጌ ነበር፣ ጋሼ።»

«ምረጥ ወንድሜ፣ ያውልህ።»

ሠረቀብርሃን አንዱን አወረደ። ገልብጦ በአውራ ጣቱ ከሥር ዳበሰው። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግንባሩን በእጁ ጠረገ፤ ያን ለት ብርዱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነበር።

«እነዚህን ራስዎ ነዎት የበየዱት?»

«ታዲያ ማን ሊበይድልኝ ኖሯል?»

«ከነዚህ የተሸጠ አለ?»

«አንድ ጥንድ ብቻ። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለ፤ ፊቱ ልውጥውጥ አለ።

እንዲያውማ አይደለም አለ ቴዎፍሎስ በልቡ። ብረቱ ሰፊ ነው፤ ጭረቱን ይሸፍንለታል። ወይ ነዶ! የሰው ደም በእኔ ሥራ ሊደበቅ!

«ለመኪናህ የቱ ይሁንልህ?»

«አራቱንም ጥንድ እወስዳለሁ።»

አንድ መኪና፣ አራት ጥንድ ብረት! ቴዎፍሎስ ገባው። ይሄ ግዢ አይደለም፣ አፌን ሊያስዘጋኝ ነው። ደሙ ፈላ።

በዚህ መሃል ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ሜሮን ያሠራችውን የመስኮት ፍርግርግ ልትወስድ ገባች። ሠረቀብርሃን እሷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ለብቻችን ብናወራ? ሰው ፊት የሚባል አይደለም።»

«እዚሁ ተናገር! እኔ ጓዳ ገብቼ የምሰማው ነገር የለኝም!»

«ያሳፍራል፣ ጋሼ።»

«ማፈርማ አለብህ! ድፍት ብለህ እፈር!»

ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤት ወጣ፤ ከማዶ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታም ሥራውን ትቶ መጣ። የሺ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ብቅ አለች። ሠረቀብርሃን መግቢያ ጠፋው። ጆሮው ሳይቀር ቀላ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ቴዎፍሎስ ወደ መኪናው ሄዶ በሩን በጥፊ መታው። «ይሄ ደም የማን ነው?»

«የእናቴ።»



«የገዛ እናትህን! ሞተዋል?»

«አልሞተችም። ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች። እኔ አልገጨኋትም ጋሼ፣ ወድቃ ነው።»

«ወድቃ! ወድቃ ከሆነ የመኪናውን ጭረት ምን ያስሸፍንሃል?»

«ትራፊክ ፖሊስ ልጥራ?» አለች ሜሮን፤ ስልኳን አውጥታለች።

«ጥሪልኝ!»

«እባክሽ እህቴ፣ በእመብርሃን፣ አትጥሪ!» ሠረቀብርሃን ስልኩን በመዳፉ ሊከልል ደረሰ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ፖሊስ ከመጣ ነገሩ ይበላሻል።»

«ሰማችሁት አይደል?» አለ ቴዎፍሎስ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ። እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም።

«ቴዎፍሎስ፣ ቀስ በል እንጂ» አለች የሺ። «ይሄን ልጅ የማውቀው ይመስለኛል።»

«ዝም በይ አንቺ! ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ሰው ፊት ለፊትህ አቁመህ አሁንም ልትዋሽ ነው? ለምንድነው ፖሊስ የማይጠራው? ተናገር!»

ሠረቀብርሃን የሺን አያት፤ ከዚያ ቴዎፍሎስን። ስለ ሰው የሚያፍር ሰው እንደሚያደርገው ዓይኑን ቶሎ መለሰ።

«ስትሳፈር መርገጫው ከብየዳው ተገንጥሎባት ነው፤ ባለፈው ወር ከእትዬ የገዛሁት ነው፤ የቀሩትን ማንም ሳይሰማብዎ ገዝቼ ልጥላቸው ብዬ ነበር የመጣሁት።»