በአንድ ትንፋሽ

በጃንሆይ ጊዜ ጃፓን ተምሮ ነቀምቴ የተመለሰው የሥዕል መምህር ደረሳ፣ ይዞት የመጣው ቀለም ሲያልቅበት ራሱ መሥራት ጀመረ። ቀለሙ የሚሠራው ከጥላሸት ነው፤ ጥላሸት ደግሞ የትም አይጠፋም። እሱ ግን የሚያምረው የቆየ ጥላሸት ነው ብሎ ኑኑ ቁምባ ድረስ ሄደና፣ ታላቅ ወንድሙ ጨመዳ ተኝቶ ሳለ ተቃጥሎ ከሞተበት ቤት ምሰሶ ላይ ፍቆ በጣሳ አመጣ። ለእናቱ ለአዴ ወርቄ አልነገራቸውም።

አሣሣሉ ጃፓን እንደተማረው ነው። ትንፋሽ ይያዛል፣ ብሩሹ አንዴ ይዞራል፣ የተሣለው አይታረምም። የሚወጣውም ጥቁር ክብ ነው እንጂ የማንም መልክ የለውም።

የመጀመሪያውን ሥሎ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። አዴ ወርቄ እርጎ ይዘውለት ሲገቡ አዩት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?»

«ምንም አይደለም፣ አዮ። ባዶ ነው።»

«ኧረ ባዶስ አይደለም። ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል።»

ደረሳ ሳቀ። በማግስቱ ሌላ ሥሎ ከጎኑ ሰቀለ። እናቱ አዩና ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ።

«ዛሬ ደግሞ ሊዞር ነው» አሉ። «ቤቱም ጭስ ጭስ ይላል።»

በቤቱ እሳት አልነደደም ነበር።

ቅዳሜ እናቱ ገበያ ሲወጡ ደረሳ በሩን ከውስጥ ቀረቀረና ወረቀቱን ዘረጋ። ብሩሹን ነክሮ ትንፋሹን ያዘ። ክቡ ግማሽ ሳይደርስ፣ ጭስ ያፈነው ሰው ሳል ከወረቀቱ በኩል ተሰማ። ደረሳ ደንግጦ ብሩሹን ለቀቀው። ክቡ ግን መዞሩን ቀጠለ፣ ዞሮም ገጠመ።

«ደረሳ» አለው በወንድሙ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። «በሩን ክፈትልኝ።»