የኦላና ማሽን ያበላሸው ሥጋ

አቃቂ በሰቃ፣ የቀናው ሉካንዳ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዟል። ከፍሪዘሩ የወጣው ሥጋ ጠርዙ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከሥሩ መግል የመሰለ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ዝንቡ እንኳን እያመነታ ነው የሚያርፍበት።

"የዚህ ሰው ሥራ ነው!" አለ ቀናው፣ ወደ ጎረቤቱ ወደ በያጁ ኦላና እየጠቆመ። "በበየደ ቁጥር መብራት ያጠፋብኛል። ምን የመሰለ ሰንጋ ነበር! ሳርደው እንኳን አልተፈራገጠም። እንዲህ ያለ ጨዋ በሬ አይቼ አላውቅም።"

የሱቆቹ ባለቤት እትዬ አደሴ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። "እትፍ! ጥፋቱ የኦላና ከሆነ ዛሬውኑ ሱቄን ይለቃል።"

"እትዬ፣ መጀመሪያ ይጣራ እንጂ" አለ ኦላና። "ከዚህ ሌላ እንጀራ እንደሌለኝ ያውቃሉ።"

ሬዲዮ ጠጋኙ ሚራክል ተጠራ። ሙያውን ከስልኩ እያየ ለብቻው የተማረ ነው፤ ማስረዳት ደግሞ ነፍሱ ነው።

"ቀላል እኮ ነው፣ እትዬ። ቮልት ግፊቱ ነው፣ አምፒር የሚፈሰው ብዛት። ሁለቱን ሲያባዟቸው ኃይሉ ይወጣል፤ ዋት የሚባለው።"

"አንተው አባዛው፤ እኔን ሊያስመልሰኝ ነው።"

ኦላና መበየድ ጀመረ። ሚራክል መለኪያውን በገመዱ ላይ አደረገ። 18 አምፒር። በ220 ቮልት ሲባዛ 3960 ዋት ነው። የሱቆቹ ብሬከር ግን የሚችለው 16 አምፒር ነው፤ ያ ደግሞ 3520 ዋት ብቻ።

"ትንሽ ይታገሳል፣ ከዚያ ግን..." ብሎ ሳይጨርስ ቷ! ብሬከሩ ወረደ። አምፖሉ ጠፋ፣ የቀናው ቴፕ ዝም አለ። የዝንቡና የፍሪዘሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ይኸው! ሂሳቡም መሰከረ" አለ ቀናው። "ውጣልን በቃ!"

ኦላና ጓንቱን አወለቀ። ማሽኑን ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ቆም ብሎ አዳመጠ።

"ሚራክሌ፣ መብራቱ ጠፍቷል አይደል? ታዲያ ይሄ የሚያጓራው ምንድነው?"

ሚራክል የፍሪዘሩን ገመድ ግድግዳ ለግድግዳ ተከተለው። ተመልሶ ክዳኑን ከፈተና ከጎኑ በረዶ ፍቆ አሳየ።

"ለብቻው መስመር አለው። በኦላና ብየዳ አንዴም ጠፍቶ አያውቅም።"

እትዬ አደሴ ነጠላውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። "ታዲያ በምን ሸተተ? ስማ ቀናው፣ ትናንት ለልጆቼ የሸጥክልኝ ከዚሁ አይደል እንዴ?"

ቀናው ቢላውን በሽርጡ መጥረግ ያዘ።

በሬው የታረደው ከሞተ በኋላ ነበር።