የኋላው በር

ሻጯ ያንን ረጅም ጥቁር መኪና ለማሞገስ ስትነሣ የምትጀምረው ከወንበሩ ነው። ቆዳው፣ ወገብ ማሻው፣ በብርድ ጊዜ መሞቁ። ከዚያ ወደ መስታወቱ ጣሪያ ታልፋለች፣ ከዚያ ወደ ድምፅ ማጉያዎቹ። እዚያ እስክትደርስ አብዛኛው ገዢ እጁን መሪው ላይ ጥሎ በሐሳቡ መንገድ ጀምሯል።

ማክሰኞ ጠዋት የመጡትን ባልና ሚስት ግን የትኛውም አልማረካቸውም። ሰውዬው ስልሳ አምስትን አልፏል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሚመስል። ሚስቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ትከተለዋለች። ዓይኗ ከእሱ ላይ አይነቀልም።

«ሙዚቃው ይቅርብን፣ ልጄ» አላት። ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «እኔ የምፈልገው ሌላ ነው።»

ወረቀቱን እያየ ጠየቀ። የኋላ በሮቹን ከሾፌሩ በቀር ማንም እንዳይከፍታቸው ማድረግ ይቻል እንደሆነ። መስኮቶቹንም እንዲሁ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቢንጠራራ እጁ መሪው ጋ ይደርስ እንደሆነ። ሻጯ ሳቅ አመለጣት፤ ይህን ጠይቆ የሚያውቅ ገዢ አልነበረም። እሱ አልሳቀም። መስታወቱ ምን ያህል ሊጠቁር እንደሚችል ጠየቀ። ከዚያ ተመልሶ ስለ በሮቹ ጠየቀ፣ ያንኑ በዚያው ቃል፣ ምንም እንዳልመለሰችለት ሁሉ። ፈተና ላይ ያስቀመጣት መሰላት።

«ውስጥ ያለ ሰው ቢጮህ ውጭ ይሰማል?» አለ በመጨረሻ።

የዚህ መኪና ጸጥታ ሻጯ ከሁሉ አስበልጣ የምታወድሰው ነገር ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ስታወራው ኖራለች።

«አይሰማም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቀፈፋት።

ያን ጊዜ ነው የቀኝ እጁን ያየችው። የጣቶቹ አንጓዎች ተላልጠው ቅርፊት ይዘዋል። ዓይኗን ወደ ሚስቱ መለሰች። የሴትዮዋ እጅጌ ተሰብስቦ የእጇ አንጓ ላይ የአራት ጣት ምልክት ይታያል፤ ጠቁሮ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ።

ሻጯ ታላቅ እህት ነበረቻት። እህቷ ባሏ ቤት ሳለች ማንም ምንም አልጠየቃትም። ቆይቶ መጠየቅ ትርጉም አጣ።

ስለዚህ የቆዳውን ቀለም እንምረጥ ብላ ሴትዮዋን ብቻዋን ወደ ናሙናዎቹ ጠረጴዛ ወሰደቻት። ቡኒውንና ግራጫውን እያገላበጠች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እናቴ፣ ደኅና ነዎት?»

ሴትዮዋ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። «እሱ እኮ እንዲህ አልነበረም» አለች። «ሠላሳ አራት ዓመት ክፉ ቃል አልወጣውም። ሲነሣበት ነው።»

«ታዲያ ይህን መኪና ለምን እሺ ይላሉ?»

«ሳምንት ሙሉ እምቢ ብዬው ነበር። አልቻልኩትም።»

ሻጯ ካርዷ ጀርባ ላይ የእጅ ስልኳን ቁጥር ጽፋ በመዳፏ አስጨበጠቻት፤ በማንኛውም ሰዓት፣ ለምንም ነገር ብላ። ሴትዮዋ ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ጉንጯን ዳሰሰቻት። ግራጫው ይሁንልን አለች።

ሻጯ ወደ ሰውዬው ስትመለስ ወስና ነበር። ይህች ሴት እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ አትቆለፍም። በሮቹን እንደተባለው ማድረግ እንደማይቻል፣ የመኪናው አሠራር እንደማይፈቅድ ነገረችው። ሥራዋን ቢያሳጣትም ያሳጣት።

ውሸቱ ግን ዕድሜ አላገኘም። ከጓሮው ጋራዥ ለአንዲት ብሎን የመጣው መካኒክ ሰማት። የጋራዡ ሰዎች «ይቻላል» ብለው ነው የሚጠሩት፣ ጨረቃን ፈታህ ግጠማት ቢሉት ሌላ መልስ ስለሌለው።

«ማን ነው አይቻልም ያለሽ?» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «በዐሥር ቀን ጨርሼ አስረክባለሁ።»

የሰውዬው ትከሻ ወደ ታች ወረደ፣ ሸክም እንደተቀበሉት። «ባለፈው ወር እየሄድን ሳለን የኋላው በር ተከፈተ» አለ በለሆሳስ። «ዳግመኛ አይከፈትም።»

ሚስቱ ወለሉን አየች።

ሻጯ ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው። ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ እዚህ የሚሸጠው መኪና እንጂ ትዳር አይደለም አላት። ፖሊስ ጣቢያም ደወለች። የተፈጸመ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቋት። የተቆለፈ በር አለ ብትል ለራሷም ሞኝነት መስሎ ተሰማት፤ ዘጋችው። ዐሥሩን ቀን ሙሉ ስልኳ ያልታወቀ ቁጥር ባሳየ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ታነሣው ነበር። ሴትዮዋ አልደወለችም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ከመግቢያው ደረጃ በታች ቆሞ ጠበቃቸው። መካኒኩ በሮቹን እየከፈተና እየዘጋ አሳያቸው፤ ከኋላው ወንበር ማንም መክፈት እንደማይችል ራሱ ገብቶ ታገለ፣ ደበደበ፣ ላብ አጥምቆት ወጣ። ምንም አልተሰማም። ሰውዬው ራሱን በእሺታ ነቀነቀና ቁልፉን ተቀበለው። ሚስቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሻጯ ከመሸጫው መስታወት ጀርባ ያየችው በቃት። የኋላው በር ሲከፈት ደረጃውን በሩጫ ወረደች። እናቴ፣ እንዳይገቡ ልትል አፏን ከፈተች።

«ሳልረሳሽ፣ ገና እያወቅሁሽ ሳለሁ፣ አሁኑኑ ቆልፊብኝ» አለ ሰውዬው ከኋላው ወንበር ተቀምጦ፣ ቁልፉን ለሚስቱ እያቀበለ።