እዚህ ላይ ቁሚ

ተውሂዳ ዓይነ ስውር ናት። እሷ ቁርአኑን በቃሏ የያዘችው፣ የአክስቷ ልጅ ሉባባ አራት ዓመት ሙሉ እያነበበችላት ነው። የመቆሚያና የማለፊያ ምልክቶቹን ስለማታያቸው፣ ሉባባ "እዚህ ላይ ቁሚ" ስትላት ትቆማለች።

ደሴ ላይ ለመድረሳ የሴቶች አስተማሪ በውድድር ሲመረጥ ሁለቱም ቀረቡ። ተውሂዳ ቀድማ ቀራች። ድምፅዋ አዳራሹን ጸጥ አሰኘው።

ፈታኙ ሼህ ግን አቋረጧት። "ልጄ፣ እዚህ ላይ አይቆምም፤ ትርጉሙ ይገለበጣል።"

ደንግጣ ቀጠለች፤ ደግመው አቋረጧት። አምስተኛው ስህተት ላይ "በቃ፣ ተቀመጪ። ማን ነው ያስቀራሽ?" አሏት።

"ሉባባ ናት። በእሷ ላይ እንዳትፈርዱ፣ ሼኻችን። እሷ አሳምራ ነው ያስቀራችኝ፤ የረሳሁት እኔ ነኝ።"

ሉባባ ተጠራች፤ ያንኑ ሱራ እንድትቀራ ታዘዘች። ተውሂዳ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ፣ ለአክስቷ ልጅ ዱዓ እያደረገች ጆሮዋን ሰጠች። ሉባባ የመጀመሪያውን ቦታ ሳትቆም አለፈችው። ሁለተኛውንም አለፈችው። ተውሂዳ የወደቀችባቸውን አምስቱንም ቦታዎች አንድ በአንድ አልፋ፣ መቆሚያው ላይ ብቻ እየቆመች ጨረሰች።

"ማሻ አላህ!" አሉ ሼሁ። "አንድም አልሳትሽም።"