ማታ ማታ የማትጠግበው መኪና

ሰዓድ ከመካነ ሰላም ወደ አጅባር ሰው የሚያመላልስባት መኪና ነዳጅ አታውቅም። ጎረቤቱ ይሄነው ለሚኒባሱ ናፍጣ ሊቀዳ ማደያ ተሰልፎ ሲያረፍድ፣ እሷ ያለ ድምፅ ተሳፋሪዎቿን ይዛ ትወጣለች። ማታ ግቢ ገብታ ሶኬት ላይ ትሰካለች፤ ጠዋት ሞልታ ትገኛለች።

ሰሞኑን ግን አልሞላ አለች። ገመዱ ማታ እንደሰካው ነው፤ ባትሪው ግን ግማሽ እንኳ አይደርስም።

"ይቺ ዝምተኛህ ዛሬስ ቁርሷን በላች?" አለው ይሄነው አንድ ጠዋት በአጥር በኩል አንገቱን አስግጎ።

"ምን ፈልገህ ነው የምታያት?"

"ማየትም ተከለከለ እንዴ?"

ሰዓድ በጥርጣሬ ገላመጠው። የሁለቱም ቤት መብራት ከአንድ ምሰሶ ነው የሚመጣው። ተሳፋሪ ያጣውም ይሄነው ነው።

በሳምንቱ የሰፈራቸውን ሴት ሙሉሐረግን ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ አሳፍሯት ሲሄድ፣ መኪናዋ ባትሪዋ አልቆ ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ አለች። ሙሉሐረግ መንገድ ዳር ወለደች። እናትም ልጅም ተረፉ፤ ሰዓድ ግን ቀና ብሎ ሰው ማየት አቃተው። ለአባቱ ለሼህ ሷሊህ "ተበላሽታ ነው" ብቻ አላቸው። ሲገዛት ዱዓ ያደረጉላት እሳቸው ናቸው፤ እንዲያዝኑ አልፈለገም። ሼሁ አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ። ማታ ከኢሻ ሶላት በኋላ ግቢውን ዞረው ሳያዩ አይተኙም።

ሰዓድ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ሽማግሌ ወደ አቶ አምባቸው ሄደና አውጫጭኝ እንዲጠራለት ለመነ።

ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሾላው ሥር ተሰበሰበ። እስላሙም ክርስቲያኑም በየእምነቱ እየማለ የሚያውቀውን ሊናገር ነው።

"የሰዓድን ባትሪ የሚያጎድል ሰው ከተገኘ ከቅሬ ይወጣል" አሉ አቶ አምባቸው። "ቢታመም አንጠይቀውም፤ ቢሞት አንቀብረውም።"

አንዱ ተነሥቶ ይሄነውን መኪናዋ አጠገብ አይቸዋለሁ አለ። ሌላዋም እንዲሁ። ሰዓድ ልቡ ሞላ።

"አይቻታለሁ" አለ ይሄነው ላቡን እየጠረገ። "ሚኒባሴን ሸጬ እንደሷ ያለ ልገዛ እያሰብኩ ነው። አፍሬ ነው ያልተናገርኩት።"

ሰው ሁሉ ሳቀበት። ሚስቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

"ቅሬው ይወስን" አለ ሰዓድ።

"ያልማለ አለ?" አሉ አቶ አምባቸው።

ሼህ ሷሊህ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

"እንጀራህ ናትና ሌሊቱን ሙሉ ስትበላ አድራ እንደ በሬ ሆዷ ተነፍቶ እንዳትሞትብህ ብዬ፣ ማታ ገመዱን ከአፏ እየነቀልኩ ንጋት ላይ ለሱብሂ ስነሣ የምመልስላት እኔ ነኝ፣ ልጄ።"