የልጁ እጅ

«አገጭህን ወደ ደረትህ፣ ልጄ። ተንፍስ እንጂ፣ ልታረድ አይደለም።»

ፀጉር አስተካካዩ ይህን ብሎ ማሽኑን ሊያስነሳ ሲል እጁ ቆመ። የደንበኛው ፀጉር አድጓል፤ አቆራረጡ ግን ያወቀ እጅ እንደነካው ያስታውቃል። ከግራ ጆሮው ኋላ ብቻ መስመሩ ሽቅብ ሸሽቷል።

«ማን ነው የቆረጠህ?»

ወጣቱ በመስተዋቱ ውስጥ አየው። «ልጅዎ ነው፣ አባባ» አለ። «ባሕር ማዶ አብረን ነበርን፤ አንድ ድንኳን ውስጥ ነበር የምናድረው። ስገባ ልነግርዎ አስቤ አፌ ተያዘብኝ።»

መርዶውን ያመጡት መኮንኖች ስለ ፈንጂው ነግረውታል፣ ስለ ጀግንነቱም ነግረውታል። ስለ ፀጉር ያነሳ ግን አልነበረም።

«የኔ ልጅ? መቀስ እንደ እባብ የሚሸሸው? ‹ዕድሜ ልኬን የሰው ማጅራት ሳይ አልኖርም› ብሎኝ አይደል እንዴ ወታደር ቤት የገባው?»

«እሷንም ነግሮናል» አለ ወጣቱ ፈገግ ብሎ። «መጀመሪያ የአንዱን ጓዳችንን ራስ አበላሽቶ በዚያ ሙቀት ቆብ አስደፍቶት ከረመ። በኋላ ግን አዛዣችን ሳይቀሩ ለሱ ነበር ራሳቸውን የሚሰጡት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀሪካን ላይ ያስቀምጠንና፣ አሁን እርስዎ ያሉኝን ቃል በቃል ይለናል፣ ድምፁን አወፍሮ። የሱ ቀልድ ይመስለን ነበር።»

ሰውየው አውራ ጣቱን ከጆሮው ኋላ አሳረፈ። «እዚህ ስትደርስ እጅህን አዙር ብዬ እስኪታክተኝ ነግሬዋለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።»

«ይቺን የቆረጠኝ ከፈንጂው በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካኝም። ነገ ግን ወደ ጦር ሰፈር ተመላሽ ነኝ፤ እንዲህ ጎፍሬ አያስገቡኝም። ባዳ ከሚነካው እርስዎ ይሻላሉ ብዬ መጣሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ጓሮ በር ሄደና፣ «አንቺ፣ ነይማ» ሲል ተጣራ።

ሚስቱ ልብስ ከምታጥብበት ተነስታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። በአጭሩ ነገራት። ወንበሩን ዞራ ከኋላ ቆመች፤ አላለቀሰችም።

«እሱ ነው የቆረጠው? በገዛ እጁ?»

«በገዛ እጁ። ያቺው ጥፋቱ ሳትቀር አለች።»

«ጥፋቱን ተወው» አለች።

ወጣቱ እጇ እንዲደርስላት ወንበሩ ላይ ዝቅ ብሎ ተንሸራተተ። መዳፏን ማጅራቱ ላይ አኖረች፤ ከዚያ ሽቅብ፣ ቀስ እያለች፣ ፀጉሩን ወደ ላይ ዳበሰችው፣ ደግማም ዳበሰችው።

ሰውየው የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው ነቅሎ፣ ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።