ገና ቀኑ ያልደረሰ ሰርተፊኬት

ዘመን አቆጣጠርን አርባ ዓመት ያስተማሩት አዛውንት ስልካቸውን በጥገና ሱቁ ጠረጴዛ ላይ በሁለት እጃቸው አኖሩት። ስለ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚመክር አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ንግግር እንዲያቀርቡ መርጧቸዋል፤ ነገር ግን ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከራሳቸው ኢሜይል ፈቃዳቸውን ካላረጋገጡ ዕድሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ኢሜይሉ ደግሞ አልከፈት ካለ ሰንብቷል።

ማስተዋል የተባለችው የሱቁ ባለሙያ የይለፍ ቃሉን ደግማ አስገባች፤ አካውንቱን ከስልኩ አጥፍታ እንደገና አስገባች። ስልኩ ከአቋሙ ፍንክች አላለም፦ «የደህንነት ሰርተፊኬቱ የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም።»

በመጨረሻ የስልኩን ቀን አየችና ሳቋን ዋጠች።

«የኔታ፣ ዓመቱን ማን ነው ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ያደረገው?»

«እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ቀድሞ አገኘሁትና አረምሁት።»

«የኢሜይሉ መታወቂያ የሆነው ሰርተፊኬት እኮ የተሰጠው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘንድሮ ነው። ስልክዎ ያ ዓመት ገና አልመጣም ብሎ ያምናል። ለአንድ ደቂቃ ብቻ በእነሱ ላድርገው፤ መልስዎን ይላኩና ወዲያው እመልሰዋለሁ።»

«ለአንድ ደቂቃ?»

«ማንም አያውቅብዎትም! አሥር ደቂቃ ነው የቀረን።»

አዛውንቱ የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ከዚያም ስልካቸውን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ።

«ሳንነካው ስምንት ዓመት ብንጠብቅ የሰርተፊኬቱ ቀን ይደርሳል?»

«መድረሱንማ ይደርሳል፤ ግን…»

«መልካም። እስከዚያ ሱቁን እንዳትዘጊ፣ ልጄ።»